መቃብር ቆፋሪውን ማን ጠየቀው?

ጥያቄው፦ «በፍሪላንስ፣ ማለትም የማንም ተቀጣሪ ሳልሆን፣ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አብዛኛው ሥራዬ ቃለ መጠይቅ ነው። ችግሬ ሰው ማግኘት ነው። የማውቃቸውን ሁሉ ጠይቄ ጨርሻለሁ። ታዋቂዎቹ መልስ አይሰጡኝም። ቢሰጡኝም ለሌላው ያሉትን ነው የሚደግሙልኝ። ከኋላዬ ስሙ የሚታወቅ ጋዜጣ ወይም መጽሔት የለም። እናንተ ሳቢ ሰዎችን ከየት ነው የምታገኟቸው?»

እህቴ፣ ከጥያቄሽ ውስጥ አንዲት ቃል ላይ ቆምኩ። «ሳቢ» የምትለዋ ላይ። እኔም በዚህች ቃል ለዓመታት ተሸውጃለሁ። ሳቢ ሰው ብለሽ ስትፈልጊ የምታገኚው ሳቢነቱ አስቀድሞ የተነገረለትን ሰው ነው። እሱ ደግሞ ከአንቺ በፊት ሃያ ጠያቂ አስተናግዷል። መልሶቹን ሸምድዷቸዋል። የት ላይ እንደሚስቅ፣ የት ላይ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ ሳይቀር ያውቃል። ሃያ አንደኛዋ ሆነሽ ብትሄጂ አንዲት አዲስ ነገር ለማውጣት ስትታገዪ ትውያለሽ።

ስለዚህ እኔ ሰው ፍለጋ አልወጣም። መጀመሪያ የምፈልገው ቦታ ነው። አንድ ነገር ሲሆን ሌላው የማያየውን ለማየት የሚገደደው ማን ነው? እጁ ነገሩ ላይ ያረፈው ማን ነው? ቦታውን ካወቅሽ ሰውየው ይገኛል።

ይህን ከጂሚ ብሬዝሊን የተሻለ ያሳየ ጋዜጠኛ አላውቅም። ጊዜው ኖቬምበር 1963 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ተገድለው ሊቀበሩ ነው። ዋሽንግተን በጋዜጠኛ ተጥለቅልቃለች። ሁሉም ባለቤታቸውን ያያል፣ ሬሳ ሣጥኑን ያያል፣ ከየአገሩ የመጡትን መሪዎች ይቆጥራል። ሁሉም የሚጽፈው አንድ ዓይነት ነው። ብሬዝሊን ያኔ የኒው ዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩን አምደኛ ነበር። እሱ ግን አርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ሄዶ መቃብሩን የቆፈረውን ሰው አፈላለገ። ሰውየው ክሊፍተን ፖላርድ ይባላል። እሑድ ጠዋት ቤቱ ቁርስ ላይ ሳለ ነበር ለሥራ የተጠራው። ክፍያው በሰዓት 3 ዶላር ከ1 ሳንቲም ነው። በቀብሩ ሰዓት ሥነ ሥርዓቱን እንኳ አልተካፈለም። እዚያው መካነ መቃብር ውስጥ፣ ሌላ ጥግ ላይ፣ ለሌሎች ሟቾች ጉድጓድ እየቆፈረ ነበር።

ያ ጽሑፍ ዛሬም የጋዜጠኝነት ተማሪዎች እንዲያነቡት ይሰጣል። በአሜሪካ ኤዲተሮች ዘንድ «መቃብር ቆፋሪውን ፈልግ» የሚል አባባል የቀረውም ከዚያ በኋላ ነው።

ፖላርድ ዝነኛ አልነበረም። ጀብዱ አልፈጸመም። በዚያ ሳምንት «ሳቢ ሰው አምጡልኝ» ብትዪ ማንም የእሱን ስም አይጠራልሽም ነበር። ሳቢ ያደረገው የቆመበት ጉድጓድ ነው።

እኔ ይህን የምሠራው በወረቀት ነው። ርዕሰ ጉዳዩን መሐል ላይ እጽፋለሁ። ዙሪያውን ነገሩን የሚነኩ ሰዎችን እደረድራለሁ፤ በስም ሳይሆን በሥራቸው። ለምሳሌ ስለ ሊፍት መጻፍ አማረሽ እንበል። መጀመሪያ የሚመጣልሽ ኢንጂነሩ ነው። ቀጥሎ የሕንፃው ባለቤት። እነዚህን ጻፊያቸውና እለፊ። ከዚያ ሊፍት ሲቆም በሌሊት የሚጠራው ቴክኒሻን አለ። ደኅንነቱን አይቶ የሚፈርመው ተቆጣጣሪ አለ። ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖር በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው አለ፤ ለእሱ ሊፍቱ ሲበላሽ ከተማው ሁሉ ነው የሚዘጋበት። የአደጋ ጊዜ ቁልፉን ስትጫኚ ከወዲያ በኩል የሚመልስልሽ ድምፅም አለ። እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬ ይቆማል። ያንን ድምፅ ማን አነጋግሮት ያውቃል? ሰው ጠባብ ሣጥን ውስጥ ተቀርቅሮ ሲደነግጥ ምን እንደሚል በየቀኑ የሚሰማው እሱ ነው። እኔ ስለ ሊፍት ሳይሆን ስለ ፍርሃት ልጽፍ የምችለው ከእሱ ጋር ካወራሁ ነው።

ብዙውን ጊዜ ጥሩው ሰው የሚመጣው ከሰባተኛው ወይም ከስምንተኛው መስመር በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ለማንም የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ቶሎ አትርኪ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። ከብሬዝሊን በኋላ ይህ ዘዴ ራሱ ፋሽን ሆነ። ትልቅ ስብሰባ በተካሄደ ቁጥር የጽዳት ሠራተኛዋን ፈልጎ «ታላላቆቹ ሲያልፉ ምን ተሰማሽ?» ብሎ መጠየቅ መጣ። ይህ ስንፍና ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ ማግኘት ብቻውን ታሪክ አይሆንም። ሰውየው ከቆመበት ቦታ የሚታይ፣ ሌላው የማያየው ነገር መኖር አለበት። የጽዳት ሠራተኛዋ ከስብሰባው በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀድዶ የቀረውን ወረቀት የምታነሳ ከሆነች ሌላ ነገር ነው።

አንዳንዴ ደግሞ የሚጎድለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ግማሹ ሕዝብ ነው። የቤላሩሷ ጸሐፊ ስቬትላና አሌክሲዬቪች ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትጽፍ የሄደችው ወደ ጄነራሎቹ አልነበረም። በሶቪየት ጦር ውስጥ ወደ ዘመቱት ሴቶች ሄደች። አነጣጥረው ተኳሾቹን፣ ሐኪሞቹን፣ ልብስ አጣቢዎቹን ጠየቀች። ጦርነቱ ካበቃ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ በሺህ የሚቆጠር ገጽ ተጽፎበታል። እነዚህን ሴቶች ግን ቁጭ ብሎ ያዳመጣቸው ጥቂት ነበር። በ2015 የኖቤል ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ስታገኝ የተሸለመው እንዲህ ዓይነት ሥራዋ ነው። አንቺም ስለምትጽፊበት ጉዳይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቢና ጠይቂ፦ እስካሁን ያወራው ማን ነው? ሁሉም አለቆች ናቸው? ሁሉም ወንዶች ናቸው? ሁሉም የተሳካላቸው ናቸው? የሞከሩትና የተዉት የት ሄዱ? የተዉት ሰዎች፣ በእኔ ልምድ፣ በጣም ጥሩ ተናጋሪዎች ናቸው። የሚከላከሉት ወንበር የላቸውማ።

እሺ፣ ቦታውን አወቅሽ። ሰውየውስ?

«የማውቃቸውን ጠይቄ ጨርሻለሁ» ብለሻል። የጠየቅሻቸው የቅርቦችሽን እንደሆነ እገምታለሁ። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1973 ያሳተመው ጥናት አለ። ሰዎች ሥራ ያገኙት በማን በኩል እንደሆነ ጠየቀ። በትውውቅ ካገኙት መካከል ያንን ሰው ያኔ አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከመቶ 17 ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት በሙሉ ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቅርብ ጓደኞችሽ የሚያውቁት አንቺ የምታውቂውን ሰው ነው። የምትኖሩት አንድ ክበብ ውስጥ ነው። የድሮ የክፍል ጓደኛሽ፣ ከሦስት ዓመት በፊት አብራሽ ሥልጠና የወሰደችው ልጅ፣ የአጎትሽ ልጅ ባለቤት ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው የሚውሉት።

ስለዚህ ስልክሽን ክፈቺና ዓመት ያላወራሻቸውን ሰዎች ተመልከቺ። ለአሥሩ ጻፊ። ግን «ሳቢ ሰው ታውቃለህ?» አትበይ። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ የሰው ጭንቅላት ባዶ ይሆናል። ወይ ታዋቂ ሰው ይጠራልሻል፣ ወይ «አስቤ እነግርሻለሁ» ብሎ በዚያው ይጠፋል። ጥያቄውን አጥብቢው። «ሌሊት ብቻ የሚሠራ ሰው ታውቂያለሽ?» «ሃያ ዓመት አንድ ማሽን ላይ የሠራ ዘመድ አለህ?» «ከሥራ የወጣ የበረራ ተቆጣጣሪ ታውቃለህ?» እንዲህ ስትዪ ወዲያው አንድ ፊት ይመጣለታል። «ኧረ የጎረቤታችን አባት!» ይልሻል።

ቃለ መጠይቁ ራሱም ሰው መፈለጊያ ነው። ሁሉም ሰው መጨረሻ ላይ «ሌላ ማንን ላነጋግር?» ይላል። እኔም እል ነበር። የሚሰጡሽ ግን ወይ አለቃቸውን ነው ወይ ጓደኛቸውን። አሁን የምጠይቃቸው ሁለት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። አንደኛው፦ «ሥራው ሲያቅትህ ለማን ነው የምትደውለው?» ይህ ወርቅ ነው። በየሙያው ውስጥ ስሙ አደባባይ ያልወጣ፣ ሌሎቹ ሁሉ ሲቸግራቸው የሚደውሉለት ሰው አለ። ሁለተኛው፦ «በዚህ ጉዳይ ከአንተ ጋር የማይስማማ፣ ግን የምታከብረው ሰው ማን ነው?» ይህኛው ከክበቡ ያወጣሻል።

ከክበቡ መውጣት ያልኩት በምክንያት ነው። አንዱ ሌላውን እየጠቆመ የሚሄድበት መንገድ በጥናት ዓለም «የበረዶ ኳስ» ይባላል። እየተንከባለለ ያድጋልና። የስታቲስቲክስ ምሁሩ ሊዮ ጉድማን በ1961 ጽፎበታል። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ ሰው የሚጠቁመው የሚመስለውን ነው። ሦስት ጊዜ በጥቆማ ከሄድሽ በኋላ አንድ ሰው በሦስት ድምፅ እየሰማሽ መሆኑን ታስተውያለሽ። ያኔ ሰንሰለቱን ቁረጪና ከማታውቂው ጫፍ ጀምሪ። የሳይንስ ጋዜጠኛው ኤድ ዮንግ በ2018 እንደጻፈው፣ የራሱን ጽሑፎች ቆጥሮ ከጠቀሳቸው ምንጮች ሴቶቹ ከሩብ በታች መሆናቸውን አገኘ። ከዚያ ሆን ብሎ መፈለግ ጀመረና ግማሽ በግማሽ አደረሰው። ተጨማሪው ድካም ለአንድ ጽሑፍ 15 ደቂቃ ገደማ እንደሆነ ነው የጻፈው። በእኔ ግምት እነዚያ 15 ደቂቃዎች ከጽሑፉ ሁሉ የሚያዋጡት ናቸው።

ወረቀት ላይ መፈለግም አለ። ስለዚህ ብዙ ሰው አያወራም፤ አሰልቺ ስለሆነ ይሆናል። እኔ ግን እወደዋለሁ።

የመጻሕፍትን የምስጋና ገጽ አንብቢ። ደራሲው ዋናዎቹን ባለሥልጣናት ካመሰገነ በኋላ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ «ማኅደሩን ለሳምንታት የፈተሸችልኝ» ወይም «በሦስት ጉዞዎች መንገድ የመራኝ» የሚላቸው ሰዎች አሉ። ዕውቀቱ ያለው እነሱ ጋ ነው። ለቃለ መጠይቅ ግን ጠያቂ መጥቶባቸው አያውቅም። ስልክሽ ሲደወል ነው የሚገረሙት።

የጥናት ጽሑፍ ላይ ደግሞ ከጸሐፊዎቹ በአንዱ ስም አጠገብ ኮከብ ወይም የኢሜይል አድራሻ አለ። ጥያቄ የሚቀበለው እሱ ነው ማለት ነው። ብዙዎቹ ይመልሳሉ፤ ሥራቸውን ያነበበ ሰው ብርቅ ነዋ። ከዚህም ይልቅ የመጀመሪያውን ስም ተመልከቺ። በብዙ የትምህርት ዘርፎች መጀመሪያ የሚጻፈው ሥራውን በእጁ የሠራው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪ። ፕሮፌሰሩ ስለ ውጤቱ ይነግርሻል። ተማሪው ግን በሌሊት መሣሪያው ሲበላሽ ምን እንዳደረገ ይነግርሻል።

የሙያ ማኅበራትን መጽሔት፣ የጡረታ መሸኛ ማስታወቂያዎችን፣ የሕዝብ አስተያየት የተሰማባቸውን ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ፣ የውድድር ውጤቶችንም እዪ። ውድድር ላይ አንደኛውን እለፊው። አንደኛውን ሁሉም ይጠይቀዋል። አሥር ዓመት በተከታታይ ተወዳድሮ አንዴም ያላሸነፈውን ፈልጊ።

ባለሙያ የሚያገናኙ አገልግሎቶችን በተመለከተ አጭር ልሁን። ፕሮፍኔት በ1992 ጋዜጠኛን ከዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ጋር በኢሜይል ለማገናኘት ተጀመረ። በ2008 ፒተር ሻንክማን የጀመረው ሃሮ የሚባለው መጣ፤ ጋዜጠኛው ጥያቄውን ይለጥፋል፣ የሚመለከተው ይመልሳል። ሃሮ ስሙ ተቀይሮ ቆይቶ በ2024 መጨረሻ ተዘጋ፣ በ2025 ደግሞ በሌላ ባለቤት ተመለሰ። እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች ቶሎ የሚደርስ ጥቅስ ሲያስፈልግ ይጠቅማሉ። የሚመልሱልሽ ግን በብዛት ስማቸው እንዲወጣ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። በሕዝብ ግንኙነት ድርጅት የተጻፈ መልስ ይበዛል። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበረ መልስ ተጨምሯል። ከዚህ መንገድ ያገኘሁትን ሰው ድምፁን ሳልሰማ ጽሑፌ ውስጥ አላስገባም። ሕጌ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። «ከኋላዬ ስሙ የሚታወቅ ጋዜጣ የለም» ያልሽው።

የፍሪላንሰር ጣጣ ይኸው ነው። ኤዲተሩ «ሰውየው ተስማምቷል ወይ?» ይልሻል። ሰውየው «የት ነው የሚወጣው?» ይልሻል። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ አንቺ መሐል ላይ ትቀሪያለሽ። አንዳንዱ ጸሐፊ ለማምለጥ ሲል ገና ያላናገረውን መጽሔት ስም ይጠራል። ይህን አታድርጊ። ሰውየው አንድ ስልክ ደውሎ ሊያጣራ ይችላል። ያኔ ሰውየውንም መጽሔቱንም አጣሽ።

እውነቱን ስትነግሪው የምትፈሪውን ያህል አይሸሽም። እኔ የምልከው ይህን የመሰለ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። እገሊት እባላለሁ፣ በፍሪላንስ እጽፋለሁ። ስለ ድልድይ ጥገና ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። እርስዎ ለሙያ ማኅበርዎ መጽሔት ላይ ውሃ ውስጥ ገብተው የድልድይ እግር በእጅዎ እየዳሰሱ እንደሚመረምሩ የጻፉትን አነበብኩ። ውሃው ድፍርስ ሲሆንና ምንም ሳይታይ ሲቀር ስንጥቁን በጣት እንዴት እንደሚለዩት መጠየቅ ፈልጌ ነው። ለአሁኑ የምለምንዎት 15 ደቂቃ በስልክ ብቻ ነው። ጽሑፉን የት እንደማወጣው ገና አልወሰንኩም፤ ስወስን አስቀድሜ አሳውቅዎታለሁ።»

ያለው ይህ ብቻ ነው። ማን እንደሆንሽ፣ ከየት እንዳገኘሽው፣ ለምን እሱን እንደመረጥሽ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደምትወስጂ። ሥራውን የሚሠራው «በጣት» የምትለዋ ጥያቄ ናት። ሰው ስለ ሥራው ትክክለኛ ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም ማለት ይከብደዋል። «ስለ ሕይወት ጉዞዎ እንድናወጋ» የሚል መልእክት ግን ለማንም ሊላክ ይችላል፤ ሰውም ያንን ያውቃል። መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሺው። ከዚያ በኋላ ተይው።

ያቺ የ15 ደቂቃ ስልክ ለአንቺም ምርመራ ናት። ሰውየው ያውቃል ግን መናገር አይችልም ይሆናል። ወይም መናገር ይችላል ግን አያውቅም። ሁለተኛው ነው አደገኛው። እኔ የማዳምጠው አንድ ነገር ነው፤ «ሁልጊዜ» ይላል ወይስ «አንድ ቀን»? «ሁልጊዜ ፈተና አለ፣ ሁልጊዜ በትዕግሥት እናልፋለን» የሚል ሰው ለጽሑፍ አይሆንም። «አንድ ቀን ጓንቴ ተቀደደና...» ካለ እስክሪብቶ አንሺ። ዝም ስትዪ የሚሆነውንም እዪ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ጥያቄ ጠይቀሽ መልሱ ሲያልቅ ቶሎ አትግቢ፤ እስከ አምስት ቁጠሪ። ብዙ ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ማጣራትም አለ። አንድ ጊዜ በጣም ጣፋጭ ወሬ ያለው ሰው አገኘሁ። አደጋ ላይ ሰው አዳንኩ ይላል፤ ቀኑን፣ ዝናቡን፣ የተቀደደውን ሸሚዝ ሳይቀር ይነግርሻል። ጽፌ ጨረስኩ። ልልከው አንድ ቀን ሲቀረኝ እዚያው ቦታ የነበረ ሌላ ሰው አገኘሁና ጠየቅሁት። ታሪኩ እውነት ነው፤ ያዳነው ግን ሌላ ሰው ነው። የእኔው ባለታሪክ ቆሞ ያይ ነበር። የሦስት ሳምንት ሥራ ገደል ገባ። አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ቆሞ ማየቱና ከዚያ በኋላ ለዓመታት ታሪኩን የራሱ ማድረጉ እጅግ የሚበልጥ ታሪክ ነበር። ያኔ ተናድጄ ስለነበር አልታየኝም። ለማንኛውም ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ትልቅ ነገር ሁለተኛ ሰው ወይም ወረቀት እፈልጋለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

እምቢ ሲሉሽስ? ይሉሻል። የቆምሽው ቦታው ላይ ከሆነ የአንድ ሰው እምቢታ አያስቆምሽም። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጌይ ታሊዝ ፍራንክ ሲናትራን ለማነጋገር ሄዶ ዘፋኙ ፈቃደኛ አልሆነም። ታሊዝ ግን አልተመለሰም። ዙሪያውን ያሉትን ሁሉ ማነጋገር ያዘ። ጽሑፉ በኤስኳየር መጽሔት በ1966 ወጣ። ከሁሉም በላይ እስካሁን የምትታወሰኝ አንዲት ጸጉረ ሽበት ሴት ናት፤ የዘፋኙን ሰው ሠራሽ ጸጉር በትንሽ ቦርሳ ይዛ በሚዘፍንበት ሁሉ የምትከተለው። ሲናትራ ፈቅዶ ቢቀመጥለት ኖሮ እሷን ማን ያያት ነበር?

የመጨረሻው ስለ ጥንቃቄ ነው። ታዋቂ ሰው ቃለ መጠይቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። የሊፍቱ ድምፅ፣ የዶክትሬት ተማሪው፣ ያላሸነፈው ተወዳዳሪ አያውቁም። ከአንቺ ጋር ደስ ብሎት ሲያወራ የተናገረው ሁሉ ሊጻፍ እንደሚችል ይረሳል። ከመጀመሪያው ንገሪው። ስሙ ኢንተርኔት ላይ ሲፈለግ ጽሑፉ ለዓመታት እንደሚወጣም ንገሪው። መሥሪያ ቤቱ እንዲናገር ይፈቅድለት እንደሆነ ጠይቂ፤ እሱ ባያስበውም አንቺ አስቢለት። በአንቺ ጽሑፍ ምክንያት እንጀራው ሊቋረጥ የሚችል ሰው ካለ፣ ስሙ ይቅር ወይስ ጽሑፉ ይቅር የሚለውን ሳይወጣ በፊት ነው የምትወስኑት። ድምፅ ከመቅዳትሽ በፊትም አስፈቅጂ። በአንዳንድ አገሮች ያለፈቃድ መቅዳት ወንጀል ነው፤ ወንጀል ባይሆንም ነውር ነው።

ከየት ልጀምር ካልሽኝ፣ አዲስ ሰው ከመፈለግሽ በፊት ባለፉት ሁለት ዓመታት የጠየቅሻቸውን ሰዎች ዝርዝር አውጪ። ሃያም ይሁኑ ሠላሳ። ከመካከላቸው ጥሩ ያወሩሽን አምስቱን መልሰሽ ደውይላቸው። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የደወለላቸው ጸሐፊ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ደስ ይላቸዋል። መጀመሪያ ጽሑፉ ምን እንዳመጣባቸው ጠይቂ። ቀጥለሽ ሥራው ሲያቅታቸው ለማን እንደሚደውሉ ጠይቂ። አምስት ስም ይዘሽ ትነሻለሽ፤ አምስቱንም አታውቂያቸውም።